የማይባሩ ዳስና የአቶ ጸጋው እንየው ሕይወት

ወገኖቻችን፣ ጭቃና ዝናብ ሳትሉ እዚህ ማይባር ሐይቅ ዳር ድረስ ወርዳችሁ ከሐዘናችን ስለተካፈላችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። አስከሬናቸውን ከመሸኘታችን በፊት የአቶ ጸጋውን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናንብብላችሁ።

አቶ ጸጋው ከአባታቸው ከአናጢው ከአቶ እንየው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅነሽ ይመር በ1940 ዓ.ም. ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ ኮምቦልቻ በፋብሪካ ሠራተኛነት ሲያገለግሉ ከወይዘሮ አትጠገብ ሸዋዓለም ጋር በተክሊል ተጋብተው ሥርጉትንና ስለሺን ወለዱ።

መንግሥት ተለውጦ ከሥራ ሲቀነሱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የአባታቸውን መጋዝና መዶሻ አንስተው፣ አሁን የተቀመጣችሁበትን ይህን ባለጣውላ የጭፈራ ዳስ በ1986 ዓ.ም. ሠሩ። ወይዘሮ አትጠገብ ዓሣ እየጠበሱ፣ ሥርጉት እያስተናገደች፣ ስለሺ በጀልባ እያንሸራሸረ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ መጥቶ እዚህ እስክስታ ያልወረደ ሙሽራ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ምን ያደርጋል! በ1993 ዓ.ም. ግንቦት፣ ሚዜዎች የተሳፈሩባት ጀልባ ተገልብጣ፣ ስለሺ ሁሉንም አውጥቶ እርሱ ቀረ። አስከሬኑን ከውሃ ያወጡት ጎረቤታቸው ዓሣ አጥማጁ ሐጂ አብዱልወሀብ ነበሩ። ዝናብ ነበርና ለቀስተኛው የተቀመጠው የሠርጉ አበባ እንኳ ገና ባልወረደበት በዚሁ ዳስ ነው።

አርባው እንደወጣ፣ አቶ ጸጋው በዚሁ ዳስ ሊደግሱላት አስቀድመው ቃል የገቡላት የሐጂ ልጅ የቢልቂስ ሠርግ ደረሰ። ሐጂ «ወላሂ፣ እናራዝመው» ብለው ቢለምኑም፣ አቶ ጸጋው ልጄን ከውሃ ላወጣልኝ ሰው የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም ብለው ከበሮ አስመቱ። ሐቁን መሸፈን ለሟቹም አይበጅምና ይነገር፤ ደግ አስበው ክፉኛ ተሳሳቱ። ወይዘሮ አትጠገብ ለልጃቸው በተለቀሰበት ጣውላ ላይ ሲጨፈር ሰምተው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ኮምቦልቻ ትዳር ከያዘችው ከሥርጉት ዘንድ ወረዱ፤ ቄሱም ሼሁም ሽማግሌ ሆነው ቢለምኗቸው ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዳሱን አልረገጡም። አቶ ጸጋውም ሥራውን ባይዘጉም፣ ከዚያ ሠርግ ወዲህ ትከሻቸውን ነቅንቀው አያውቁም።

ዘንድሮ በ2008 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው ወይዘሮ አትጠገብ ሳይጠሩ መጥተው ሐኪም ቤት አስታመሟቸው። ስለ ዳሱ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አቶ ጸጋው ትናንት ከማረፋቸው በፊት ለሥርጉት የተናዘዙት፣ ለቅሷቸው እዚህ እንዳይሆንና እናቷ እንዳይከፋቸው ብቻ ነበር።

ይህች ኑዛዜ አልተፈጸመችም። ዛሬ ማለዳ ጣውላውን በእጃቸው ጠርገው፣ ምንጣፉን አንጥፈው፣ «ልጁ የተለቀሰለት እዚህ ነው፤ አባቱም እዚሁ ይለቀስለት» ብለው ያስቀመጡን ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው።

አቶ ጸጋው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሥርጉትን፣ የልጅ ልጃቸውን ነፃነትንና እንደ ወንድም የሚያዩአቸውን ሐጂ አብዱልወሀብን ትተው አልፈዋል። አምላካችን ነፍሳቸውን ከስለሺ ጎን ያሳርፍልን፤ ሳይነጋገሩበት ለቀረው ነገር ሁሉ ሁለቱን ይቅር ያባብላቸው። አሜን።