በሱዳን መንገድ የዘጋሁት መስኮት

(አጎቴ ኦቦ ለማ፣ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ጎረቤት ሄደው ሳሉ፣ ሰበታ ቤታቸው ተቀምጠው ለእኔና ለባለቤቴ የነገሩን ነው። በስልኬ ቀድቼ፣ እሳቸው እንደተናገሩት ጻፍኩት። ሲፈን)

በኛ ጊዜ፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ባልና ሚስት ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው ሀገር ለማየት አይወጡም ነበር። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለለቅሶ ነው፣ ለሰርግ ነው፣ ለጠበል ነው፣ ሲከፋም ለፍርድ ቤት ነው። እንዲያው ዝም ብሎ ለማየት? «ምን ጎድሎባቸው ነው?» ይባላል። ታዲያ እናንተ ከተጋባችሁ ወር ሳይሞላ በአውቶቡስ በረሃ ልታቋርጡ ነው አላችሁኝ፣ እኔም ጎሽ አልኩ፣ አፌ ጎሽ አለ እንጂ ሆዴ ፈራ። ተይው ሲፈን፣ መስኮቱን አትዝጊው። አውቃለሁ፣ ይበርዳል፣ ያንን ጋቢ ደርቢ። በዚህ ቤት መስኮት አይዘጋም። ለምን? እሱን ልነግርሽ አይደል እንዴ የተቀመጥኩት! ጥሩነሽ ከጎረቤት ሳትመለስ ልጨርሰው።

ጥሩነሽ ቡራዩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፣ ይሄን ታውቃላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታ ሰቅላ «ዓባይ ከዚህ ይነሳል፣ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል» ስትል ኖረች። ታዲያ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ምሳ እየበላን «ለሜ» አለችኝ። «አቤት» አልኩ። «ሠላሳ ዓመት ያላየሁትን ነገር እንዳየ ሰው ሆኜ አስተማርኩ። ሄጄ ልየው።» «ምኑን?» «ሁለቱ ውሃ የሚገናኙበትን።» «የት ሀገር?» «ሱዳን።» «በምን?» «በአውቶቡስ።» ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት። ያኔ ሱዳን ሰላም ነበር፣ ሰው ይሄድ ነበር፣ ቢሆንም!

እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ። ሙቀት ማለት ለኔ አዳማ ነው፣ ከአዳማ ወዲያ ሙቀት ያለ አይመስለኝም ነበር። ፈሪም ነኝ፣ አልደብቅም። ሌባ አልፈራም፣ ጅብ አልፈራም፣ ንፋስ እፈራለሁ። እናቴ «በላብህ ላይ ንፋስ ከመታህ አለቀልህ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ታክሲ ውስጥ «ኧረ መስኮቱን ዝጉት!» እያለ የሚጮህ ሽማግሌ አለ አይደል? እሱ እኔ ነበርኩ። ታዲያ ሁለት የጀርባ ሻንጣ ከልጃችን ተዋስን፣ እሷ የሷን በካርታና በዳቦ ቆሎ ሞላች፣ እኔ የኔን በምን ሞላሁ? በጋቢ! ሁለት ወፍራም ጋቢ። «ለሜ፣ በረሃ እኮ ነው የምንሄደው» ትለኛለች። «ብርድ ሀገር አይመርጥም» እላታለሁ።

ጎንደርን አለፍን፣ መተማን አለፍን፣ ድንበሩን ተሻገርን፣ ገዳሪፍ አደርን። እና ጠዋት የካርቱሙን አውቶቡስ ተሳፈርን። እስከ አምስት ሰዓት ማቀዝቀዣው ይሠራ ነበር፣ ከዚያ ክርርር አለና ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ከፈተ። የሚገባው ንፋስ ንፋስ አይደለም፣ የምድጃ አፍ ነው። ጥሩነሽን ሳያት ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? በኛ በኩል ያለውን ዘጋሁት።

«ለሜ፣ ክፈተው» አለችኝ። «ላብሽ ይድረቅ መጀመሪያ፣ ንፋስ ይመታሻል» አልኳት።  ትንሽ ሄድን፣ «ለሜ፣ ታፈንኩ፣ ክፈተው» አለች። «እሺ፣ አሁን» አልኩና አልከፈትኩትም። ሁለት ጊዜ ለመነችኝ፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አልኩ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩ።

ውሃም አትጠጣም ደግሞ። ለምን? አውቶቡሱ የሚቆመው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፣ ቁጥቋጦ የለ፣ ሴት ልጅ የት ትሂድ? ታዲያ ከንፈሯን ታረጥብና ጠርሙሱን ትከድነዋለች።

ከዚያ ላቧ ደረቀ። ስሙኝ! ደረቀ። ግንባሯን ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። እና እኔ ደስ አለኝ! «ተመስገን፣ ላቧ ደረቀልኝ» አልኩ። ወዲያው ያንቀጠቅጣት ጀመር። «ይኸው፣ ያልኩት ብርድ አገኛት» ብዬ ጋቢውን አውጥቼ አለበስኳት። ሁለተኛውንም ደረብኩላት። በዚያ እሳት! አንገቷ ስር እንኳ ክፍተት እንዳይኖር ጠቅጥቄ ሸፈንኳት እኮ፣ በገዛ እጄ።

እና ማውራት ጀመረች። «ዝም በሉ! ካርታችሁን ዘርጉ። አንተ ከኋላ፣ ተነስ!» ትላለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ግን እኔን አያይም። «ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ» ስላት «ስምህ ማነው? ከየትኛው ክፍል ነህ?» አለችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬያት የኖርኩ ሴት ስሜን ጠየቀችኝ!  ከዚያ ደግሞ ዝም አለች፣ ዝም ማለቷ ከማውራቷ ባሰ።

ከኋላችን አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል፣ ሰው ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። መተማ ገበያ ሰሊጥ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፣ አማርኛ እየሰባበሩ ይናገራሉ። እጃቸውን አሻግረው የጥሩነሽን አንገት ነኩና ጮሁ። «አንተ ሰውዬ! ይሄ ምንድነው? ሴት ይቃጠላል፣ አንተ ጋቢ?» «ብርድ መቷት ነው፣ እናቴ» አልኩ። «ብርድ!» አሉ። «ሱዳን ብርድ የት አለ? አምጣ፣ አሳየኝ!»

ሹፌሩን በአረብኛ ጮሁበት፣ አውቶቡሱ ቆመ። ሴቶቹ ተነሱ፣ እኔን በክርን ገፍተው ጥሩነሽን አወረዷት፣ አውቶቡሱ ጥላ ስር አስተኟት፣ ጋቢዎቼን አሽቀንጥረው ጣሏቸው፣ በትርፍ ልብሳቸው ዙሪያዋን ጋረዱ፣ እና ውሃ! የሹፌሩን ጀሪካን ሙሉ ራሷ ላይ፣ ብብቷ ላይ፣ እግሯ ላይ አፈሰሱ፣ ደግሞ ያራግቧታል። እኔስ? እኔ እየዘለልኩ «ኧረ ማሎ! ማሎ! በውሃ ላይ ንፋስ! ገደላችኋት!» እላለሁ። ሐጃ ደረቴን ይዘው ገፉኝ። «ማን አለህ ንፋስ ሞት? እዚህ ንፋስ ሕይወት! ወይ አራግብ፣ ወይ ሂድ!»

ታዲያ ያኔ ገባኝ። የዘጋሁት መስኮት ገባኝ፣ የደረቀው ላብ ገባኝ፣ ጋቢው ገባኝ። ዞር ብዬ ብመለከት ሜዳው ዳርቻ የለውም፣ ዛፍ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ። እዚህ ብትሞት የትኛው ቄስ ይፈታታል? የት አፈር ላይ ጥያት እመለሳለሁ? ልጆቿን «እናታችሁን በጋቢ ሸፍኜ ገደልኳት» ልበላቸው? ዋቃዮ፣ አምላኬ ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ጥርሴ በዚያ ሙቀት ይንገጫገጭ ነበር። እና ሻንጣዋን ከፍቼ ያንን ካርታ አወጣሁት፣ ተንበርክኬ በሱ አራግባት ጀመር። እያለቀስኩ አራገብኩ። ሐጃ ውሃ ያፈሳሉ፣ እኔ አራግባለሁ፣ ሐጃ በራሳቸው ይጸልያሉ፣ እኔ በራሴ።

ስንት እንደቆየን አላውቅም። ዓይኗን ገለጠች። ሴቶቹን አየች፣ ካርታውን አየች፣ እኔን አየች። «ለሜ» አለችኝ። ስሜን! «አቤት ጥሩዬ፣ አቤት!» «ካርታዬን ቀደድከው እኮ» አለች።

ከዚያ መንገድ ላይ ካለ ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ጉሉኮስ ተደረገላት። እኔ «እንመለስ» አልኩ። «ታዲያ ለምን መጣሁ?» አለች። ሄደን አየችው። ድልድዩ ላይ ቆማ፣ አንዱ ውሃ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲሄዱ አየች፣ አለቀሰችም። እኔ ውሃውን አላየሁትም፣ እሷን ነው ያየሁት፣ ትተነፍሳለች አትተነፍስም እያልኩ።

ቤት ስንገባ ለልጆቹ «ፀሐይ መታት» አልኳቸው። እሷ ምንም አላለች፣ ራሷን ስታ ስለነበር ያን ቀን አታስታውሰውም። ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ የሳሎኑንም የመኝታ ቤቱንም መስኮት ከፍቼ እኖራለሁ። ታክሲ ውስጥም እከፍታለሁ፣ «ኧረ አባባ፣ ዝጉት!» ብለው ይጮሁብኛል፣ ይጩሁ። እና ሲፈን፣ አንቺ ውሃ ጠጪ፣ ሀፍረት አይግደልሽ። አንተ ልጄ ደግሞ፣ ክፈት ስትልህ ክፈት። እንደኔ ሁለት ጊዜ እስክትለምንህ አትጠብቅ።

(እዚህ ላይ ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማን። እትዬ ጥሩነሽ መቼ እንደተመለሱ አላየናቸውም። ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ቆመዋል።)

— ሁለት ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ነው።

ኦቦ ለማ ፊታቸው ተለወጠ።

— ታስታውሻለሽ እንዴ?

— እንዴት አላስታውስ! «እሺ፣ አሁን» ያልከኝንም አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ድምፄ እንቢ ስላለኝ እጅህን ነካሁህ።

— ነክተሽኝ ነበር... እኔ ጨበጥኩሽ።

— ጨበጥከኝ። መስኮቱን ግን አልከፈትከውም።

ኦቦ ለማ አንገታቸውን ደፉ። ቀስ ብለው፣

— ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?

— እኔ ባነሳው ወቀሳ ይሆናል ብዬ። አንተው ራስህ እስክትናገር ጠበቅሁ። በል፣ አሁን ተናግረሃል፣ ዝጋው።

— ምኑን?

— መስኮቱን ነዋ! በዚህ በሰበታ ብርድ ይሄን ሁሉ ዓመት ጨረስከኝ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!

ሁላችንም ሳቅን። ኦቦ ለማ ግን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር የሚስቁት። ተነስተው ሄዱ፣ መስኮቱ ብዙ ዘመን ሳይዘጋ ስለኖረ እንቢ አላቸው። እትዬ ጥሩነሽ ከጎናቸው ቆመው አብረው ገፉት።