ያልነበረን ሽንት ቤት

አንዲት ውሸቴ ቤተሰቡን በሙሉ እንዴት እንዳሯሯጠችው ልንገራችሁማ! ወረታ ላይ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ አካባቢ የተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር ነበር። እኔም ቁሐር ሚካኤል ያለው ቤታችን ጎርፍ የማይደፍረው ሽንት ቤት እንዳለው ጻፍኩ። የድንጋይ መሠረቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ክረምት ውሃው በሩዙ ማሳ ላይ ሲተኛ እንኳ ቆሻሻው እንደማይወጣ አሳምሬ ጻፍኩት። እኛ ግን ጭራሽ ሽንት ቤት የለንም! አንደኛ ወጣሽ ተብዬ ስዘል፣ ከዳኞቹ አንዷ መምህርት "ቅዳሜ ቤታችሁ መጥተን እናየዋለን" አሉኝ።

ቤት ስገባ ለአባቴ እያለቀስኩ ነገርኩት። ፊደል አልቆጠረምና "እስቲ አንብቢልኝ" አለኝ። አነበብኩለት።

"መሠረቱ እስከየት ነው ያልሽው?"

"እስከ ጉልበት።"

"የአምናው ጎርፍ ወገቤ ደርሶ የለም እንዴ!" ብሎ ብድግ አለ። ጎረቤት ጠራ፣ ድንጋይ በአህያ አስመጣ። እኔ ጭቃ ሳቦካ እሱ ሲክብ፣ ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ በሩን ገጠመው!

ቅዳሜ ዳኞቹ መጡ። መምህርቷ ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉና "አባባ፣ ጭቃው እኮ ገና አልደረቀም። ደግሞ ጽሑፉ እስከ ጉልበት ነው የሚለው፤ ይሄ ወገብ ይደርሳል" አሉት። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ ግን እጁ ላይ የቀረውን ጭቃ እያራገፈ "እሱን ተሳስታ ነው፤ አርሜላታለሁ" አላቸው።