የቡና ለቃሚዎቹ ዘፈን

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ከሸዋ የመጡት አዲሱ አለቃችን አቶ ዘለቀ ኦሮምኛ አይሰሙም። ቡና ይሰረቃል ብለው፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች መጋዘኑ ውስጥ ቡናውን ሲለቅሙ በሩ እንዲቆለፍ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ተጎተተ፤ የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ሹፌሩ ይነጫነጫል። ሴቶቹ ግን አንጋፋዋ ለቃሚ አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ እያወጣች፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘፍናሉ።

“ምን እያሉ ነው?” አሉኝ አቶ ዘለቀ አንድ ቀን።

“የሥራ ዘፈን ነው፣ ጌታዬ።”

“ታዲያ እኔ ብቅ ስል ድምፃቸው ለምን ከፍ ይላል?”

መሸሻ አጣሁ። “‘ልጄ ከደጅ በረሃብ ያለቅሳል፣ ጌታው ለቡና ፍሬ ዘብ ቆሟል’ ነው የሚሉት” አልኳቸው።

ሁሉንም ሲያባርሯቸው ታየኝ። እሳቸው ግን ወደ በሩ ተጠግተው አዳመጡ። እውነትም ከአጥሩ ሥር፣ ታላላቅ እህቶቻቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ያለቅሳሉ። አቶ ዘለቀ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱ።

“የምታጠባ ሁሉ ልጇን ታስገባ በላቸው።”

ነገርኳቸው። አዴ ጫልቱ እሳቸውን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እኔን ደግሞ ረዘም አድርጋ አየችኝ።

መኪናው በማግስቱ ጭኖ ሄደ። መጋዘኑ ውስጥ አዲስ ዘፈን ወጥቶ ሴቶቹ በሳቅ ይቀባበሉታል፦ “ቋንቋችንን የማያውቀው ሰማን፣ የሚያውቀው ጸሐፊ ምን ነክቶት ነበር?”

“አሁንስ ምን ይላሉ?” አሉኝ አቶ ዘለቀ።

“የሥራ ዘፈን ነው፣ ጌታዬ” አልኳቸው።