ቅጂው እዚያው ነበር

እኔና እህቴ ውዴ እንጅባራ ላይ የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ በኢንተርኔት እንሸጥ ነበር። ገዢው ሲበዛ ድረ ገጻችን አልችል አለ፤ ስለዚህ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉትን፣ አከራይቶ የሚጠብቅልን ሰው ፈለግን። ካነጋገርናቸው ሁሉ አንዱ፣ አዲስ አበባ ያለ፣ "እናንተ ሽጡ፣ ሌላው የእኔ ራስ ምታት ነው። የሁሉንም ነገር ቅጂም በየቀኑ አስቀምጣለሁ" አለን። አፉ ጣፋጭ ነበርና እሱን መረጥን።

አንድ ጠዋት ገጹ አልከፈት አለ። ስደውልለት "ሰርቨሩ ተቃጥሏል" አለኝ። "ቅጂውስ?" አልኩት። "ቅጂው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነበር" አለ። ፎቶው፣ ትእዛዙ፣ የደንበኞቹ ስልክ ሁሉ አብሮ ሄዷል። ቀርከሃውን የሚሠሩልን ጋሽ ፈንታ ሲገቡ ውዴ ታለቅሳለች።

"ምነው ልጆቼ፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ያዘዙን ሰዎች ጠፉብን፣ ጋሼ።"

"ታዲያ እነሱ አያስታውሷችሁም?"

"እነሱማ ያስታውሱናል፤ ከገጹ ሌላ በምን እንደሚያገኙን ግን አያውቁም። እኛም እነማን እንደሆኑ አናውቅም" አልኳቸው።

ጋሼ የጀመሩትን ወንበር ጨርሰው ከሌሎቹ ጋር ደረደሩትና ወጡ። ገዢ ያጣው ወንበር ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየመታው ግቢያችን ውስጥ ሻገተ።