ጤነኛ ማነጻጸሪያ የነበሩት ሐኪም ዜና ሕይወት

የተወደዳችሁ ሐዘንተኞች፣ የመቅኔ ሐኪሟ ዜና ሕይወት ይነበባልና ልብ ብላችሁ አድምጡ። አንባቢው የእናታቸው ወንድም ነው፤ ሞት ተራ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንባቢዋ እርሳቸው፣ የሚነበብለት እርሱ በሆነ ነበር።

ሟች ከልብስ አጣቢ እናታቸውና ከመጋዘን ዘበኛ አባታቸው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው ጥላ ባዩ ቁጥር ዱላ የሚያነሡ ዘበኛ አልነበሩም፤ አብሯቸው የሚጠብቀው ጓደኛቸው በፉጨት በርታ ሲላቸው ብቻ ይነሡ ነበር፤ ልጃቸውም ያን ፉጨት እየሰሙ አደጉ።

ትምህርታቸውን በሠፈሩ ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ለሕክምና ኮሌጅ በቅተውና በመቅኔ ካንሰር ላይ የተለየ ዕውቀት አካብተው፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለውን ቤተ ሙከራ ተረክበው እስከ ሕመማቸው ድረስ መርተዋል። ያጠኑትንም ነገር በአባታቸው ሥራ ያስረዱ ነበር። የሰውነት ዘበኛ የሆነው ሕዋስ ጠላት ስላየ ብቻ አይነሣም፤ ጎረቤቱ በርታ ሲለው የሚሰማበት ተቀባይ፣ እርሳቸው ጆሮ የሚሉት፣ በገላው ላይ አለው። ሊጠብቀን የተፈጠረው ፕላዝማ ሕዋስ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ግን፣ በአንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ያንኑ የዘበኛ ጆሮ በብዛት ያወጣል፤ የመቅኔው ጎረቤቶችም ወገን መስሏቸው በርታ ይሉታል፤ እርሱም በዚያ ቃል ልቡ እየሞላ መድኃኒቱን ይቋቋማል። ሌባው የዘበኛ ካፖርት ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር ራት ይበላል ማለት ነው ይሉና ይስቁ ነበር፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር።

ከልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት ነጭ ጋዋናቸውን ሊያስጠብቡ ሄደው ሲሆን፣ ሰውዬው ልኩን ደጋግመው ስለ ተሳሳቱ (ሆን ብለው መሆኑን ኋላ አምነዋል) ጋዋኑ ሳይጠብ ትዳሩ ተያዘ። አንዲት ሴት ልጅም ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

የሰው አጥንት የሚወጋ አስቀድሞ የራሱን ያስወጋ የሚል ሕግ ነበራቸው። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለውን አባባል አይወዱምና፣ በየዓመቱ በገዛ ቤተ ሙከራቸው አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ከዳሌ አጥንታቸው መቅኔ ያስቀዱ ነበር። የሕመምተኞቹ ናሙና የሚነጻጸረውም ጤነኛ የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ከእርሳቸው ናሙና ጋር ነበር። ባልደረቦቻቸው እትዬ ጤና ያሏቸው በዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ዓመት ግን ጤነኛ በተባለው ናሙና ላይ ያ ጆሮ ብቅ አለ። ማንም አልደነገጠም። ማነጻጸሪያ ይታመማል ብሎ ያሰበ አልነበረምና ጥፋቱ ናሙናው የሚነከርበት የቀለሙ ነው ተባለ፤ ቀለሙ ተደፍቶ ሌላ ታዘዘ፣ ማሽኑም ተፈትቶ ታጠበ። በሚቀጥለው ዓመት በዝቶ ሲመጣ እርሳቸው ራሳቸው አዲሱን ቀለም ረግመው አስደፉት። በዚያው ሰሞን ወገባቸውን ሲያማቸው በወንበሩ፣ ሲደክማቸው በዕድሜያቸው ያመካኙ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የሰውን ሁሉ አጥንት ሲመረምሩ የኖሩት ሴት የራሳቸውን ያወቁት፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ሊያወርዱ ሲንጠራሩ ክንዳቸው እንደ ደረቅ እንጨት በተሰበረ ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ለካ ቀለሙ ደህና ነበር፣ አሉ።

ሕክምናው ለጥቂት ጊዜ ረድቷቸው ነበር፤ ኋላ ግን ሕዋሱ ጠና። ጠያቂ ገብቶ በርቱ ሲላቸው፣ ኧረ ቀስ በሉ፣ እርሱ እንዳይሰማ፣ እያሉ ሰውን ያሸማቅቁ ነበር። ከመቅኔያቸውም ተቀድቶ፣ ያ ሕዋስ ከነጎረቤቶቹ በሙቀት ሳጥን ውስጥ እንዲያድግ አዘዙ፤ ጆሮውን የሚደፍን ነገር ተጨምሮ መድኃኒቱ ሲሰጠው፣ ለሙከራ በተከፈለው ሳህን ውስጥ ያለው ማለቅ ጀመረ። ለሰው የሚሰጥ እስኪሆን ግን ገና ብዙ መፈተን ነበረበትና ለእርሳቸው አልደረሰም።

ይህ ነገር በቤታቸው ጠብ አስነሣ። ባለቤታቸው፣ አንቺን የሚገድልሽን እየቀለቡ ማኖር ምን የሚሉት እብደት ነው፣ እሳት ውስጥ ይግባ፣ ብለው አለቀሱ። እርሳቸው ደግሞ፣ ከእኔ ጋር ከጠፋ ልፋቴ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው አቆዩት፣ ብለው ተማጠኑ። ነገሩን በባለቤታቸው ፈቃድ ላይ ጥለው፣ መልሱን ሳይሰሙ ትናንት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ እንዲሁም ይህን የሚያነብ አጎታቸውን ትተው ሄደዋል። አጎትየው ሊዘልለው የፈለገው፣ ልብስ ሰፊው ግን ይነበብ ያሉት አንድ ሌላም አለ። እርሳቸው እዚህ አፈር ሲለብሱ፣ ከገላቸው የወጣው ሕዋስ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በእርሳቸው ገላ ሙቀት ልክ፣ አሁንም እየተባዛ ነው። መሞታቸውን አልሰማም። ነገ ጠዋት ምግቡ ይቀየርለታል፤ ባለቤታቸው ዛሬ የሬሳ ሣጥኑ ሳይዘጋ፣ እሺ፣ እንዳልሽው ይቀለብ፣ ብለዋቸዋልና። እባካችሁ ባለቤታቸውን ስትሰናበቱ በርቱ አትበሏቸው፤ ያን ቃል መስማት አይችሉም።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን፤ እዚያ ምድር ቤት ያለውን ግን አያሳርፈው። አሜን በሉ።