የፋጡማ በረንዳ

ጭሮ ውስጥ የአሮጌ ቤቶች ፊት እንዳይበላሽ የሚቆጣጠር ኮሚቴ አለ። ሰብሳቢ ያደረጉኝ እኔም አሮጌ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፤ በዚህ ዳገት ሰኞ ከቤቴ ብወጣ ሐሙስ ነው የምደርሰው። እንዲሁ ደክሞኝ ጫት ነጋዴዋ ፋጡማ ቤት ደረስኩ። የእንጨት በረንዳዋን በሲሚንቶ ልትቀይር ጠይቃ ነበር።

«በስብሷል ጋሼ፤ ደንበኛ ወድቆ ሳይሞትብኝ ይፍቀዱልኝ» አለችኝ።

በረንዳው ላይ ቆሜ፣ «ቅርስ ነው! ያለ ኮሚቴው አንዲት ጣውላ እንዳትነኪ!» አልኳት። አፌን ሳልዘጋ ጣውላው ተሰብሮ አንድ እግሬን እስከ ጭኔ ዋጠው፤ እኔማ ጂቡቲ የደረስኩ ነው የመሰለኝ።

«ፋጡማ፣ ጣውላውን ስበሪና አውጪኝ!»

«ወላሂ አልነካም ጋሼ! ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

ምን ላድርግ? አባላቱን በስልክ ጠርቼ ስብሰባውን እዚያው ተቀርቅሬ መራሁ። በረንዳው ይፍረስ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ነኝ።