ፌርፋክስ ላይ የሞትኩ ዕለት

እኔ አንዴ ሞቼ አውቃለሁ፤ ያውም በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። የአንድ ታዋቂ የሮክ ዘፋኝ ልጅ የመጀመሪያ ፊልሙን እየሠራ ነበር፤ ራሱ ዳይሬክተር፣ ራሱ ተዋናይ። የደንበኞችን መኪና ፓርክ ወደማደርግበት የሐበሻ ምግብ ቤት መጥቶ «ሬሳ ሁንልኝ» አለኝ። ተኝቶ መዋል ምን ይከብዳል ብዬ ኦኬ አልኩ። ነጠላ አልብሰው እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ አጋደሙኝ። ልጁ እላዬ ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ነበረበት፤ ሰባቴ ሞከረ፣ እንባው ከየት አባቱ ይምጣ! በዚህ መሀል ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ምሳ ሊገዙ ገቡ። ካሜራውን አላዩም፤ እኔን አዩ። «ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ሲደቁ ብድግ አልኩ።

«እትዬ፣ አልሞትኩም፤ ፊልም ነው! የዘፋኙ ልጅ ማልቀስ አቅቶት ነው።»

«ተኛ!» አሉኝ ተቆጥተው። «የተጀመረ ለቅሶ አይቋረጥም።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው፣ «አባትህ ያን ሁሉ ዘመን የሚጮኸው ማን ሞቶበት ነው? ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አሉት። ከነጠላው ሥር ሆኜ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩለት። ልጁ ትንሽ አሰበና ደረቴ ላይ ወድቆ ተንሰቀሰቀ፤ ሸሚዜ ራሰ። እኔም አለቀስኩ።

ካሜራማኑ ብቻ ቆሞ ያየናል። ለካ ሬሳው ማውራት ሲጀምር ካሜራውን አጥፍቶታል።